የቱሜ ተረከዝ

ሰኞ፣ የካቲት 6

ተኝቼ ነበር። ደብተሩ የተሰጠኝ እውነት እንድጽፍበት ስለሆነ እውነቱን ልጻፍ። ኮች ዋሪዮ ግራሩ ስር አንጋለሉንና “ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ውድድሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዙር በጭንቅላታችሁ ሩጡት” አሉን። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት ፍየል የጫማዬን ክር ስታኝክ ነው።

ኮች የስፖርት መምህራችን ናቸው። እስካለፈው ወር ድረስ የሚያሠለጥኑን በፊሽካና በቁጣ ነበር። ከዚያ ሐዋሳ ሄደው የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወሰዱ፤ “የአእምሮ ዝግጅት” ይባላል። ሰማያዊ ማስታወሻ ይዘው ተመለሱ። አሁን ፊሽካው ቀንሶ ማስታወሻው በዝቷል። ይህን ደብተርም ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። “ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ጻፊው፤ እኔ አላነብብሽም” አሉኝ።

ስንነሳ ምን እንዳየን አንድ በአንድ ጠየቁን። ቱሜ ሕዝቡን አይታለች፣ የመጨረሻውን ገመድ አይታለች፣ ቀይ የለበሰች ልጅ ስትቀድማት መልሳ ይዛታለች። ፊልም ያየች ነው የምትመስለው። የኔ ተራ ደረሰ።

“የቱሜን ተረከዝ” አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። እንቅልፍ ሳይወስደኝ በፊት ያየሁት እሱን ብቻ ነው። የቀኝ እግሯ ጫማ ተረከዙ ጋ ተቀዶ በቢጫ ክር ተሰፍቷል። ያንን ክር የእማዬን ፊት ከማውቀው በላይ አውቀዋለሁ።

የኛ ልምምድ እንደዚህ ነው፦ አንዱ ይመራል፣ ሌላው በመስመር ከኋላ እግር ይይዛል። የፊተኛው ግራውን ሲያሳርፍ ግራሽን፣ ቀኙን ሲያሳርፍ ቀኝሽን። መሪ አይታለፍም። ያለፈ “በል ለብቻህ ሩጥ” ይባላል፣ ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቱሜ ኋላ ነው የሮጥኩት። እግር በመያዝ ከኔ የሚበልጥ የለም ይባላል።

ቅዳሜ ሳምንት ቡሌ ሆራ ውድድር አለ። በአምስት ሺህ ሜትር ወጣት ሴቶች አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወደ ማሠልጠኛ ካምፕ ይገባሉ። ምግብ፣ መኝታ፣ ትምህርት፣ ትክክለኛ የመሮጫ መም፣ ሁሉም አለ። ቱሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ወጣት አትባልም። እኔ አሥራ ሰባት ነኝ፤ ግን አባዬ ዝውውር ደርሶታል፣ በክረምት ጦሩ የት እንደሚልከን አይታወቅም። ስለዚህ ለሁለታችንም ያለን ይሄው ነው። ቱሜ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ሰው ሁሉ ያለቀ ነገር ነው ይላል።

ኮች ግን ስንለያይ ማስታወሻቸውን አጥፈው “ቱሜ ያን ቀን ባይሆንላትስ?” አሉኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ክሬን አሰርኩ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ዛሬ ደግሞ ቃል ፈልጉ ተባልን። ሲያምሽ ለራስሽ የምትዪው አንድ ቃል። አጭር፣ ጠንካራ፣ የራስሽ። ቱሜ የሷን አግኝታለች፣ አትናገርም። የኔ ሙከራዎች፦

በርቺ። ይሄ የእማዬ ቃል ነው፤ እንጨት እንዳመጣ የላከችኝ ይመስለኛል።

ብረት ነኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳቄ መጣ፣ ጎኔን ወጋኝ።

አይደክመኝም። ውሸት። ስለው ይብስ ደከመኝ።

ድል። የጎረቤታችን ውሻ ስም ነው።

ኮችን ሌላ ቃል ስጡኝ ብላቸው “እኔ ከሰጠሁሽ የኔ ሆነ” አሉ። ታዲያ ከየት ላምጣ? ከሱቅ አይገዛ።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ሃምሳ አለቃ ነው፣ የጎጃም ሰው፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ነገሌ፣ ጦር ካምፑ አጠገብ ነው። ቃል ምናምን አልገባውም። “ወታደር የፊቱን ሰው ማጅራት ነው የሚያየው” አለኝ። “ከፊልቱ ማዶ ያንን ሁሉ በረሃ ስንሄድ አንድ ቀን መንገዱን አላየሁም። ያየሁት የጓዴን ማጅራት ነው። እሱ እስከሄደ እኔም እሄዳለሁ።” እማዬ ከጓዳ “ከራስ በላይ ነፋስ!” አለች። ለማን እንደተናገረች አልገባኝም።

ኮች ከፊትሽ ሰው አትዪ ይላሉ። አባዬ እይ ይላል። ሁለቱም ይወዱኛል። ግራ ገባኝ።


ረቡዕ፣ የካቲት 8

የዛሬውን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን ከተማው በሙሉ ሰምቶታል፣ ደብተሩ ብቻውን ለምን ይቀርበታል።

ጠዋት ኮች “ዛሬ መስከረም ትምራ” አሉ። በወደራ መንገድ ወጥቶ መመለስ፣ ቀስ ያለ ሩጫ። ዘጠኝ ልጆች ከኋላዬ፣ ቱሜ ወዲያው ከኔ ቀጥላ። ከፊቴ ማንም የለም። ዓይኔን የት ላሳርፈው? መሬት መሬት ሳይ አንገቴ ያመኛል፣ ሩቅ ሳይ መንገዱ አያልቅም። ስንሄድ እንደምንም ሆነ። ስንመለስ ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈንና ከፊታችን ቀስ አለ። ጆንያ ጭኗል፤ ኋላው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ይወዛወዛል።

ከዚያ ተመቸኝ። እንዴት ያለ ምቾት መሰላችሁ። (ማንን ነው “መሰላችሁ” የምለው? ማንም አያነበውም።) ትንፋሼ ተስተካከለ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ ሐሳብ የሚባል ጠፋ። ኮች የሚሉት የአእምሮ ዝግጅት ይሄ ነው፣ አገኘሁት አልኩ።

ራሴን ያገኘሁት ከብት ገበያው ውስጥ ግመሎች መሃል ነው። ባጃጁ ታጥፏል፣ እኔም ታጥፌያለሁ። ዘጠኙም ከኋላዬ በመስመር፣ ግራ ሲባል ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቀኝ፣ አንድም ሰው ሳይጎድል። አንድ ደላላ በበትሩ ወደኛ እያመለከተ “እነዚህስ የሚሸጡ ናቸው?” አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ቱሜ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፣ መንገዱን ከኔ በላይ ታውቃለች። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮህኩባት። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ “መሪ አንቺ ነበርሽ” አለችኝ።


ሐሙስ፣ የካቲት 9

ስሜ ባጃጅ ሆነ። ትምህርት ቤት በር ላይ ሦስት ልጆች “ባጃጅ! ወደ መናኸሪያ!” አሉኝ። አንዱን በደብተር መታሁት። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ኮች አልሳቁም። እሱ ነው የከበደኝ። ለብቻዬ አስቀምጠው ማስታወሻቸውን ገለጡ፣ አነበቡ፣ ዘጉት፣ እንደገና ገለጡት። እሳቸውም እየተማሩ ነው መሰለኝ። “በጭንቅላትሽ ስትሮጪ ራስሽን አይተሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። አላውቅም። የራሴን እጅ እንኳ አይቼ አላውቅም። “ታዲያ ማን ነው የሚሮጠው?” አሉ።

ቀኑን ሙሉ ይሄን ሳስብ ዋልኩ። ማን ነው የሚሮጠው? የሒሳብ አስተማሪው ጠይቀውኝ “ቱሜ” ብዬ መለስኩ።

ማታ ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ አራት ወደ ውስጥ፣ አራት ወደ ውጭ። የቤት ሥራ ነው። ትንሽ ቆይቶ የምቆጥረው ትንፋሼን ሳይሆን የቱሜን እርምጃ ሆነ። ተውኩት።


ዓርብ፣ የካቲት 10

ሜዳው ላይ ሙከራ። አምስት ሺህ ሙሉ፣ እኔ መሪ፣ ቱሜ ከኋላ። በራሴ ሰዓት እንኳ አልገባሁም። አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ አይቻለሁ፤ ኮች ቆጥረውታል። በመጨረሻው ዙር ቱሜ ተናዳ አለፈችኝ። ክሩ ከፊቴ ሲመጣ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ ደብተሬ? እፎይታ። ቤቴ የገባሁ ያህል። ይሄ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ከዚያ ቁጭ ብለን “አንገትሽ ወደ ኋላ ከሆነ እግርሽ ወዴት ይሄዳል?” አለችኝ። ባልፍሽ አትቀየሚኝም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይሄን ሦስት ዓመት ሳልጠይቃት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን የሩጫ ጫማ የሰጠችኝ እሷ ናት። ዳገት ላይ ሳለቅስ እጄን የጎተተችኝ እሷ ናት።

ሳቀች። “እስቲ መጀመሪያ እለፊኝ” አለች።

ለቀልድ ነው ያለችው። ግን ወጋኝ፣ እስካሁን ይወጋኛል። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።


እሁድ፣ የካቲት 12

ቅበላ ነው። ነገ ዓቢይ ጾም ስለሚገባ እማዬ ቤት ውስጥ ያለውን እንቁላል ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ ልታስገባ ነው። ከአምስተኛው በኋላ አምልጬ ቱሜ ጋ ሄድኩ።

ቱሜ የምትኖረው አክስቷ ቤት ነው፤ ወላጆቿ ከከተማ ውጭ ከከብቶቹ ጋር ናቸው። የአክስቷ ባል አባ ጉዮ በራፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ ተጣድፌ በፊታቸው ላልፍ ስል ቱሜ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። “እንዲህ በሽማግሌ ፊት አይታለፍም! ዲፋማ በዪ።” ይቅርታ በዪ ማለቷ ነው። ጎንበስ ብዬ “ዲፋማ፣ አባ” አልኩ። አባ ጉዮ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው “ደርቢ፣ ደርቢ ልጄ” አሉ። እለፊ ማለት ነው። አለፍኩ። ይሄን ያህል ቀላል ነው፤ ዲፋማ አልኩ፣ ፈቀዱልኝ፣ አለፍኩ። ቱሜ ግን “የሰፈር ልጅ ሆነሽ እስካሁን አለመልመድሽ” እያለች ስትቆጣኝ ዋለች።

ወተት ጠጣን። ስለ ማሠልጠኛ ካምፑ አወራን። አልጋዋ መስኮት አጠገብ እንዲሆን ትፈልጋለች፣ እኔ ከታች ልተኛ ነው። የትኛዋ ቀድማ እንደምትነሳ ተጨቃጨቅን። ካላለፍሽ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ አልደፈርኩም። እሷ ራሷ “እኔ ካልገባሁ አባቴ ወደ ከብቶቹ ይወስደኛል” አለች፤ እንዲሁ፣ ጫማዋን እያየች። ከዚያ ሌላ ወሬ አነሳን።


ማክሰኞ፣ የካቲት 14

የጾሙ ጭቅጭቅ። ኮች ወተትና እንቁላል ትብላ ብለው ላኩ። እማዬ “ጾመሽ ሩጪ፣ እግዜር ራሱ ይሮጥልሻል” አለች። አባዬ በዚህ ጉዳይ ሐሳብ የለኝም ብሎ ወጣ። ጀግናው ወታደር! መጨረሻ ላይ እማዬ የንስሐ አባታችንን ጠይቃ መጣች፤ የጾም ምግብ ትብላ፣ ግን ቀትር አትጠብቅ፣ ጠዋት ትብላ ብለዋል። ስለዚህ ጠዋት ተልባ በእንጀራ፣ ቆሎ፣ ሙዝ። ኮች ሰምተው ግንባራቸውን አሹ።

ዓይን መጨፈን ዛሬም ሞከርኩ። አልተኛሁም፤ ድል ነው (ውሻውን ማለቴ አይደለም)። ግን ከተረከዙ ሌላ ምንም የለም። ክሩን በሐሳቤ ላጠፋው ሞከርኩ፣ ይብስ ደመቀ። ተረከዙን ሳስወጣው ደግሞ ሜዳው አብሮት ጠፋና ጨለማ ሆነ። ፈርቼ ዓይኔን ገለጥኩ።

ለኮች ነገርኳቸው። ማስታወሻቸውን ዘጉ። ከዚያ “ሦስት ዓመት እግር ያዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ” አሉ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲል ምን ይባላል?


ሐሙስ፣ የካቲት 16

መንገድ። በጠዋት ተነሳን። ወደራ ቆመን ሻይ ጠጣን፣ አዶላ ልናድር ነው። መኪናው ውስጥ ኮች የውድድር ቀን ዝርዝር አጻፉን፤ ከእንቅልፍ ከመነሳት እስከ መነሻው ተኩስ ድረስ የምታደርጊው በቅደም ተከተል፣ እንዳትደናገሪ። የኔ፦

መነሳት። ጸሎት። ሙዝ። ቁጥሬን መለጠፍ። ሽንት። ማሟሟቅ። እንደገና ሽንት። ክር ማሰር፣ ሁለት ቋጠሮ። ቱሜን መፈለግ።

የመጨረሻውን ኮች ሰረዙት። እኔ መልሼ ጻፍኩት፤ በትንሹ።


ዓርብ፣ የካቲት 17

ቡሌ ሆራ። ይበርዳል! ለነገሌ ልጅ ይሄ ክረምት ነው። ቡና የጫኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ሜዳውን አየነው፤ አፈር ነው፣ መስመሩ በኖራ የተሠመረ፣ ከኛ በጣም ይሰፋል። የዚሁ ከተማ ልጅ የሆነች አንዲት ረጅም ልጅ ስትሮጥ አየን። እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ቱሜ አየቻትና “ናጋ፣ ናጋ” አለች፤ ሰላም ነው፣ ደህና ነው እንደማለት። ለራሷ ነው ያለችው። ቃሏ ይሄ ይሆን?

እኔ ቃል የለኝም። ነገ ውድድር ነው፣ ቃል የለኝም፣ ባዶ ሜዳ አይቼ አላውቅም፣ ስሜ ባጃጅ ነው። ኮችን ምን ላድርግ አልኳቸው። “ተኚ” አሉኝ። ከሁሉም ምክራቸው የገባኝ ይሄ ብቻ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 18

ሳይጠፋብኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ተኩስ። ረጅሟ ከፊት፣ ቢጫ የለበሰች ልጅ ቀጥላ፣ ቱሜ ሦስተኛ፣ እኔ ክሩ ላይ። እንደለመድኩት። አምስት ዙር፣ ስድስት፣ ሰባት። ተመችቶኛል። በጣም ተመችቶኛል። ነገሩ እዚያ ላይ ነው፤ ስምንተኛው ዙር ላይ ይሄን ያህል መመቸት አልነበረበትም። ኮች ከዳር ሲጮሁ ይሰማኛል፣ የሚሉት አይሰማኝም። ቀና ስል ቢጫዋ ልጅ የለችም። ያለችው ሩቅ ነው፣ የቀጥታውን መስመር ግማሽ ያህል ርቃለች።

ቱሜ እየዘገየች ነበር። ጎኗን በእጇ ይዛለች። እኔ ግን አላወቅኩም፣ ምክንያቱም እግሬ ከእግሯ ጋር እየዘገየ ነው። ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ። ባጃጁ እንደገና! አንድ ሌላ ልጅም በጎን አለፈችን፣ አራተኛና አምስተኛ ሆንን።

ማለፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እግሬ እምቢ አለ። ሙሉ ዙር እምቢ አለ። በርቺ አልኩ፣ ብረት ነኝ አልኩ፣ ድል አልኩ፣ ሁሉንም አልኩ። እንደዚህ ጎኗን ይዛ እያየኋት እንዴት ጥያት ልሂድ? ብቀር ደግሞ ሁለታችንም ቀረን። ወደ ሁለት ተቀደድኩ።

ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። ጮክ ብዬ።

“ዲፋማ፣ ቱሜ።”

ከፊቴ፣ በተቆረጠ ትንፋሽ፣ “ደርቢ” የሚል ሰማሁ።

አለፍኩ።

ባዶ ነበር። አፈሩ፣ የኖራው መስመር፣ ነፋሱ ፊቴ ላይ። ሦስት ዙር ይቀራል። የምይዘው እግር የለም፣ ፈራሁ፣ ፈርቼ ሮጥኩ። በጎን ያለፈችንን ልጅ አለፍኳት። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ቢጫዋን ደረስኩባትና አለፍኳት፤ እሷን ይቅርታ አላልኳትም፣ አላውቃትም።

ረጅሟ አንደኛ። እኔ ሁለተኛ።

ቱሜ አምስተኛ።

መሬት ላይ ተቀምጣ ስታስመልስ አገኘኋት። ውሃ ሰጠኋት። ጠጣች። እጇን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ተነሳች፣ ወደ መኪናው ሄደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰዎች እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። ደስ ብሎኛል? ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ እንዴ?


እሁድ፣ የካቲት 19

መመለሻ። ቱሜ መስኮቱ ጋ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። ተኝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእንቅልፍ ትንፋሿን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር አስጨነቀኝ። “ደርቢ” ያለችው እሷ ናት ወይስ የኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን እየጨፈንኩ የሌለ ነገር እንዳይ ስለማመድ ነበር። የሌለ ድምፅ ብሰማ ምን ይገርማል? ጎኗን ይዛ ትንፋሽ አጥሯት ነበር፣ ከየት አምጥታ ትናገራለች? ካላለች ደግሞ ያለ ፈቃዷ አልፌያታለሁ ማለት ነው። ሰው ይሄን ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ውድድር እኮ ነው ይላል። አውቃለሁ ውድድር ነው። ግን ሦስት ዓመት።

ኮች ከጎኔ መጥተው ተቀመጡና “ምን አልሽ? ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ” አሉ። ጸሎት ነው አልኳቸው። ዋሸሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በጾም።

ወደራ ላይ ወርደን ምሳ በላን። ቱሜ ድንቹን ለኔ ገፋ አደረገችልኝ። ይቅር ብላኝ ነው ወይስ አልበላ ብሏት?


ሰኞ፣ የካቲት 20

ቱሜ ልምምድ አልመጣችም። ኮች ያለሷ አሯሯጡን። አባዬ ጦር ካምፑ ውስጥ ላገኘው ሁሉ ይናገራል፤ ትናንት እራት ላይ “የማንን ማጅራት አየሽ?” ብሎኝ “የማንንም” ስለው “እሱማ ከባድ ነው” አለ። እማዬ እግዜር ሮጠልሽ ትላለች። ይሁን።

አክስቷ ቤት ሄድኩ። አባ ጉዮ ብቻ በራፉ ላይ ነበሩ። አባቷ ጋ ሄዳለች አሉኝ። ልብሷን ይዛ ነው? አልጠየቅኩም። ይዛ ከሆነ ማወቅ አልፈለግኩም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 21

መጣች!

ሜዳው ላይ ስደርስ ግራሩ ስር ተቀምጣ ክሯን እያሰረች ነው። “አካም ቡልቴ?” አለች፣ እንዴት አደርሽ፣ ምንም እንዳልሆነ። እኔ ደህና እንኳ ሳልል አፈረጥኩት፦ ደርቢ ብለሽኛል ወይስ አላልሽም?

እንደ እብድ አየችኝ። “ብዬሻለሁ እንጂ! ትንፋሽ ሳይኖረኝ ነው ያልኩሽ። የቀረችኝን ትንፋሽ ነው የጨረስሽብኝ።” ከዚያ ሳቅ አመለጣት። “ግን ዲፋማ? በሜዳ ላይ? አሮጊት አደረግሽኝ እኮ! አባ ጉዮን ነው ያደረግሽኝ!” ስትስቅ ዓይኗ ውሃ ሞላ። የኔም ሞላ። ስትጠርግ እኔም ጠረግኩ፤ ስለሱ አላወራንም።

አባቷን እስከ ክረምት እንዲታገሷት ለምናለች። ከተማው ውስጥ የአዋቂ ውድድር ስላለ እሱን ትሞክራለች። እሺ ብለዋል ወይ ስላት “እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ” አለች። ስለዚህ አልታወቀም። እኔ የምሄደው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ እንድይዘው አዘዘችኝ።

ለኮች እውነቱን ነገርኳቸው፤ ቃሌን አገኘሁ፣ ይቅርታ ነው አልኳቸው። ሰማያዊውን ማስታወሻ ገለጡ፣ ከዳር እስከ ዳር ገላበጡት። “ይሄ እዚህ የለም” አሉ። እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉት።

ከዚያ “መስከረም ትምራ” አሉ። መስመር ያዝን። ቱሜ እንደ ልማዷ ፊት መጥታ ልትቆም ስትል ትዝ አላትና ወደ ኋላዬ ዞረች። መሄጃዬ ጠፋኝ፣ እግሬን ማንሳት እንኳ ረሳሁ። ጆሮዬ ስር መጥታ “ገበያ እንዳትወስጂን” አለችኝ።

ስቄ ተነሳሁ። ከፊቴ ምንም አልነበረም፣ አቧራውና መንገዱ ብቻ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ እግሯ ከእግሬ ጋር እኩል ሲወድቅ ሰማሁ። ዞሬ ላያት ፈለግኩ። በጣም ፈለግኩ። አልዞርኩም።